ሁለቱ ሶልቦርጎች

በፈረንጆቹ 1995፣ ኖቬምበር መግቢያ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ፊሊፕስ በሚባል ሰፈር ባለው ቤቱ ስልኩ ሲጮህ የግርማይ ጣቶች በሙጫ ተለውሰው ነበር። እጀታውን በጆሮውና በትከሻው መሀል ወሸቀው።

— ሄሎ… አቤት ሳልሕ… አዎ፣ አልቃለች። የመጨረሻዋን ሸራ አሁን ለጠፍኩ። አሥራ አራት ወር፤ አምሳውም መድፍ በየቦታው… ምን? … ለምን ትጠይቀኛለህ?

ሳልሕ ሰው ሳያስደነግጥ ወሬ መጀመር አይችልበትም፤ ምፅዋ ባሕር ኃይል አብረው ሳሉም ያው ነበር። አሁን የአረጋውያን መኖሪያ ቫን ይነዳል። ሚስተር ሃልቮርሰን የሚባሉ የዘጠና አንድ ዓመት ሽማግሌ ሐኪም ቤት ሲያመላልስ፣ የአያታቸው አያት ሶልቦርግ በምትባል የጦር መርከብ ላይ ሸራ ሰቃይ እንደነበሩ አጫወቱት። ግርማይ ደግሞ የድሮ የመርከብ አናጢ ነውና ሞዴሏን ሊሠራላቸው ቃል ገባ።

— ክፍላቸው ውስጥ ነህ? … እና ዓመቱን ደግመው ነገሩህ? … ሺህ ሰባት መቶ ሰባ ዘጠኝ? ኧረ አይደለም። አንተ ጽፈህ የሰጠኸኝ ወረቀት ሰባ አንድ ይላል። … ሄሎ? ትሰማኛለህ? … በኛ አቆጣጠር?

ሳልሕ አሜሪካ ከገባ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ዛሬም ማስታወሻውን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጽፋል፤ ፈረንጅ የነገረውን ሳይቀር ስምንት ቀንሶ።

— አንተ ሰውዬ፣ የፈረንጅን መርከብ ምን ቤት ነህና… ቆይ። ከላይብረሪ የተዋስኩትን የመርከብ መጽሐፍ ብመልሰውም አልረሳሁትም። ሶልቦርግ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያዋ ሰባ ሰባት ላይ በማዕበል ሰመጠች። አንድ ሰው አልተረፈም። በዓመቱ የአገራቸው ንጉሥ ስሟን ለአዲስ መርከብ ሰጠ። እሷ ቀጭን ናት፣ ሃያ ስምንት መድፍ ብቻ… አዎ። እኔ የሠራሁት የሰመጠችውን ነው።

— ኣልጋነሽ፣ አንዴ ቆይኝ እስቲ… ሚስቴ ናት፣ ስሙ አንድ ነው፣ ማን መድፍ ይቆጥራል ትላለች። … አንተም? … አይሆንም ሳልሕ። እኚህ ሰውዬ እኮ አያታቸው የቆሙበትን ሳያዩ መሞት ነው የፈሩት። ሰው ሁሉ ያለቀባትን መርከብ የአያትዎ ናት ብዬ ልስጣቸው?

ዝም ማለት ቀላል ነበር። ግርማይም ፈርቷል፤ አሁን የሚነግራቸው ነገር ቀድሞ እንዳይገድላቸው ፈርቷል።

— ንገራቸው። … አሁን። ስልኩን አልዘጋም።

ከወዲያ የሳልሕ ስብርብር እንግሊዝኛ ተሰማ፤ ቀጥሎ ረዥም ሳል።

— እህ፣ ምን አሉ? … ሳቁ? … ሁለተኛዋን ሥራልኝ አሉ? እንዲያው ቢፈጥን ዓመት ነው በላቸው።

ሳልሕ ነገራቸው።

— እጠብቃለሁ አሉ?

ግርማይ ዓይኑን ጨፈነ።

— ሳልሕ፣ ሐኪሙ ለመኖር ምን ያህል ጊዜ ነው የሰጣቸው? … ሁለት ወር። … እሺ። … አይ፣ ዛሬ አልመጣም። ኣልጋነሽ፣ ጠረጴዛውን ጥረጊልኝ። በል ቻው፣ ሥራ አለብኝ።

ስልኩን ዘጋና እንጨት ሊመርጥ ቤዝመንት ወረደ።