ያልተከፈተው ሞተር

በመኪና ውድድር ሰዎች ዘንድ «ባለ ጆሮው» በሚል ቅጽል የሚታወቁት ታላቅ ወንድማችን፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው የስፌት መኪናው ድምፅ ጥቂት ሲለወጥ ከጓዳ ሆነው መርፌው ሊሰበር ነው እያሉ ይጮኹ ስለነበር፣ አባታችን መጀመሪያ ይቆጡ፣ ኋላ ግን ዝም ብለው መርፌ ይቀይሩ ነበር።

ከሙያ ትምህርት ቤት በሞተር ጥገና ተመርቀው ዐሥራ ሁለት ዓመት በጋራዥ ከሠሩ በኋላ፣ በመኪና ውድድር ፌዴሬሽን የሞተር ተቆጣጣሪ ሆኑ። በዚሁ ዘመን አስተማሪ የሆኑትን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ፤ ለትዳር ሊጠይቋቸው ሄደው ስለ ሞተር ሲያወሩ አምሽተው ዋናውን ጉዳይ ሳያነሡ መመለሳቸውን ባለቤታቸው እስከ ዛሬ ያወሩታል።

ስፖርቱ ገንዘብ አጥሮት ትንንሾቹ ቡድኖች ሊበተኑ በተቃረቡበት ዓመት፣ እያንዳንዱ መኪና የዓመቱን ውድድር በማኅተም በታሸገ አንድ ሞተር እንዲጨርስ፣ ማኅተሙን የፈታ ቡድንም ከውድድር እንዲሰናበት የሚያዝዘውን የደንብ ማሻሻያ ያረቀቁት እሳቸው ነበሩ። ደንቡ ጸደቀ፤ ወጪ ቀነሰ፤ ቡድኖቹም ተረፉ።

በሦስተኛው ዓመት ግን አንድ የታሸገ ሞተር የመንገዱ ኩርባ ላይ በድንገት ቀጥ ብሎ ቆሞ መኪናው ተገለበጠና የሃያ አራት ዓመት ወጣት ተወዳዳሪ ሕይወቱ አለፈ። ባለ ጆሮው ያን ቀን ጆሮው የት ነበር ተባለ።

ከዚያ ወዲህ በቤታቸው ሬዲዮ አልተከፈተም፤ ማቀዝቀዣው ማጉረምረም ሲጀምር ከወንበራቸው ብድግ ይሉ ነበር፤ ባለቤታቸውም የልብስ ማጠቢያውን ማሽን ለጎረቤት ሰጡ። ድምፁ ያጠራጠረ ሞተር ያለ ቅጣት እንዲከፈት የሚል ማሻሻያ በየዓመቱ ቢያቀርቡም፣ ዘጠኝ ጊዜ ወጪ ያስከትላል ተብሎ ተመለሰባቸው። በመጨረሻው ሕመማቸው ጆሯቸው ጨርሶ ሲደነቁር ልጆቻቸው አሁንስ ዐረፉ ብለው ነበር፤ እሳቸው ግን ሌላው ድምፅ ሁሉ ሄዶ የዚያ ሞተር ድምፅ ብቻ እንደቀራቸው በወረቀት ጻፉላቸው። ባለፈው ማክሰኞ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

እስከዚህ ያነበብኩት ቤተሰቡ የጻፈው ነው። የቀረውን እኔ ታናሽ ወንድማቸው፣ የዚያ ቀን ውድድር ኃላፊ የነበርኩት፣ ጨምሬበታለሁ። ያን ጠዋት ወንድሜ ድምፁን ሰምተዋል፤ ወደ እኔ ሮጠው መጥተውም ሞተሩ ይከፈት፣ ቅጣቱም ይቅር ብለው ለምነውኛል። ስፖንሰሮቹ ቆመው ያዩ ስለነበር፣ ደንቡን ያወጡት እርስዎ ራስዎ ነዎት ብዬ ወንድሜን መለስኳቸው። ይህን ለማንም አልተናገሩም። በፌዴሬሽኑ የደንብ ኮሚቴ ሰብሳቢነቴ ማሻሻያውን ዘጠኝ ጊዜ ውድቅ ያደረግኩትም እኔው ነኝ፤ ቢጸድቅ ያን ጠዋት መሳሳቴን ማመን ይሆንብኝ ነበርና።

ወንድሜ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል። የዚያ ወጣት እናት እዚህ መካከላችን ተቀምጠዋል፤ እስከ ዛሬ ወንድሜን ሰላም ብለዋቸው አያውቁም። እናቴ፣ ፊትዎን ሊያዞሩበት ይገባ የነበረው ሰው ይህን የሚያነብልዎ ነው።

አምላክ የወንድሜን ነፍስ ጸጥታ ባለበት ስፍራ ያሳርፍልን።