ለቀለም የተባረከው ኪኒን

ጥርሱን የሚያመው ሰው ትዕግሥት የለውም። ባለፈው ግንቦት ሰቆጣ፣ አንድ ጤና ጣቢያ በር ላይ ካለው አግዳሚ ጉንጬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ጎረቤቴ እታገኝ «ለኔ ወገብ በጅቷል፣ ላንተም ጥርስ አያቅተውም» ብላ የሰጠችኝ ኪኒን መዳፌ ላይ አለ። ከጎኔ የተቀመጡትን ባለ ጥምጣም ሽማግሌ ውኃ ለመንኳቸው።

«እንካ ልጄ፣ ዋጠው» አሉ ኮዳቸውን እያቀበሉኝ። «መድኃኒት መድኃኒት ነው።»

የኔታ ወልደ ሐዋርያት ይባላሉ፤ ከደሃና የመጡ የድጓ መምህር ናቸው። ሰቆጣ ቤት ተከራይቶ አሥራ አንደኛ ክፍል የሚማረው፣ እንዳለው የሚባል የልጅ ልጃቸው ጠዋት ክፍል ውስጥ አረፋ ደፍቆ ወድቆ አሁን ውስጥ ተኝቷል።

«ዓይነ ጥላ ነው» አሉኝ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው።

ኪኒኑን ሳልውጠው አንዲት ወጣት ከውስጥ ወጣች። ልጁን በባጃጅ ያመጣችው የባዮሎጂ መምህሩ ዝናሽ ናት። ብጫቂ ወረቀት ፈትታ ውስጡ ያለውን ኪኒን አሳየቻቸው።

«የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ከኪሱ ተገኘ። ትራማዶል ይባላል። ሐኪም ለብርቱ ሕመም የሚያዝዘው ነው፤ ተማሪዎቹ ግን ለስካር ይውጡታል። የጣለውም እሱ ነው።»

የኔታ አይተው ፈገግ አሉ። «አውቀዋለሁ እኮ! የቀለም ኪኒን ነው።»

«የምን?»

«የቀለም፣ የትምህርት። ለጥምቀት ሲመጣ ሲውጥ አገኘሁት። ‹እንቅልፍ ያባርራል፣ ትምህርት ያስይዛል፣ ተማሪው ሁሉ ይወስደዋል› አለኝ። ባርኬ በማር አጎረስኩት።»

መምህርቷ ግድግዳውን ያዘች። እኔም ጥርስ እንዳለኝ ረሳሁ።

«እርስዎ? በእጅዎ?»

«ምን ያስደነግጥሻል? እኛስ አብሾ ጠጥተን አይደል ድጓውን የዘለቅነው? ለእኛ ቅጠል፣ ለእነሱ ኪኒን። ዘመኑ ነው።»

አብሾ የቆሎ ተማሪ አእምሮዬን ይከፍትልኛል ብሎ የሚጠጣው የዕፅ ጭማቂ ነው። ምን እንደሚከፍት እንጂ እንዴት እንደሚዘጋ የነገረኝ ሰው የለም።

«እርስዎስ ደህና ወጡ፣ ተመስገን» አለች ዝናሽ። «አብረውዎት የጠጡት የት ያስተምራሉ?»

«ምንዋጋው አለ… እሱ አያስተምርም።»

«ታዲያ ምን ይሠራሉ?»

«ገበያ ለገበያ ይዞራል። ልብስ አይወድም።» የኔታ ኮዳቸውን ከእጄ ወስደው ዘጉ፣ መልሰው ከፈቱ። «ድጓውን ግን አንዲት ዜማ አይስትም።»

ለእኔ ክርክሩ እዚህ አለቀ። በክርክር ያረጀ ሰው ግን ቶሎ አይረታም።

«እንግዲያው ጥፋቱ የትምህርት ቤቱ ነው! ደሃና ወስጄ፣ በሰንሰለት አስሬ ፀበል አስጠምቀዋለሁ። ለሰው ግን ትንፍሽ አልልም። የየኔታ ልጅ ሰከረ ሊባል ነው?»

«ፀበሉን አልቃወምም፣ የኔታ፤ ከሐኪሙ ጋር ይሁን። ሱስ የያዘው ልጅ በድንገት ሲያቆም ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ዳግምም ሊወድቅ ይችላል። ሰንሰለት ይህን አያክምም። ደግሞስ ከክፍሌ የሚውጠው እንዳለው ብቻ ይመስልዎታል? ወላጁ ሁሉ እንደ እርስዎ ‹ትንፍሽ አልልም› ስለሚል እኮ ነው ሻጩ በሰላም የሚያድረው።»

የኔታ መሬት መሬት አዩ። ከዚያ እጃቸው ቀስ ብሎ ጋቢያቸው ውስጥ ገባና ትንሽ ቋጠሮ ይዞ ወጣ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ዝናሽ።

«ያን ጊዜ፣ በጥምቀት፣ ከልጁ ላይ አካፍዬ ያስቀመጥኩት ኪኒን ነው። እህቱ ፀጋ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ደርሶባታል። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ላጎርሳት…»

«ሰጥተዋታል?»

«ገና ነው።»

የኔታ ራሳቸው ያሉትን የሰሙት ያኔ ይመስለኛል። በአገራቸው ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ለእግዚአብሔር የተነገረ ስለሆነ አልተረጉመውም። ቋጠሮውን ዝናሽ እጅ ላይ አኖሩት።

ነርሷ ልጁ መንቃቱን ነገረቻቸው። ዝናሽ ቀድማ ገባች፤ የኔታ ተከተሏት። በሩ ክፍት ነበርና ልጁ ያለውን ሰማሁ።

«ቲቸር፣ አያቴ እንዳይሰማ።»

«ሰምቻለሁ» አሉት የኔታ። «አጉራሹም እኔ፣ ገራፊውም እኔ ልሆን አይገባም። ሐኪሙ የሚልህን ታደርጋለህ፣ ማን እንደሚሸጥልህ ትነግረናለህ፣ ትምህርትህን አትተውም።»

ልጁ ሲያለቅስ ተሰማኝ። ዱላ ጠብቆ ኖሯል።

ሲወጡ የኔታ «የወላጆች ስብሰባ መቼ ነው?» አሏት።

«ዓርብ ነው፣ የኔታ።»

«እኔ እናገራለሁ። ባለ ጥምጣም ሰው ‹ያጎረስኩት እኔ ነኝ› ካለ ሌላው ወላጅ ምን ያሳፍረዋል? ወላጅ ከተነጋገረ ሻጩ ይታወቃል። የታመመውም ሳይደበቅ ይታከማል፣ ደህናውም ሳይነካካ ይማራል። ከእኔም ጉባኤ አብሾ ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል። ቀለሙ ቀስ ብሎ ይግባ፤ ቀስ ብሎ የገባ ቀለም ሰውን ራቁቱን ገበያ አያስኬድም።»

ይህን ብለው ወደ እኔ ዞሩና መዳፋቸውን ዘረጉ።

«አንተ ሰው፣ ያንን ኪኒን ማን አዘዘልህ?»

«ጎረቤቴ እታገኝ፣ የኔታ።»

«ሐኪም ናት?»

«ጠላ ትሸጣለች።»

«አምጣው።»

ሰጠኋቸው፤ እሳቸውም ኮዳቸውን አቀበሉኝ። ተራዬ እስኪደርስም ውኃቸውን ብቻ ተጉመጠመጥኩ።