ከኮር ዊሊያም ስለጠፋው ሌቭልና ያለጥፋቱ ስለታሰረው ዘበኛ

ስም፦ ከፍያለው ዳምጤ
ዕድሜ፦ 38
ዜግነት፦ ኢትዮጵያዊ
አድራሻ፦ ጁባ፣ ኮሎሎ መንገድ
ሥራ፦ ቀያሽ
ቀን፦ ሐሙስ፣ ጁን 18 ቀን 2009 (እ.ኤ.አ.)፣ ከጠዋቱ 4፡15
ቃሉን በአማርኛ የተቀበለው፦ ሳጅን ቹኦል

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር፣ ባለፈው ማክሰኞ በዚሁ ጣቢያ የሰጠሁትን ቃል ለማረም በራሴ ፈቃድ ቀርቤ የሚከተለውን አስረዳለሁ።

የምሠራው በአቶ መልከጼዴቅ የመንገድ ሥራ ድርጅት ነው። በ2006 ስንመጣ የመንግሥት ሥራ ሞልቶ እያማረጥን እንሠራ ነበር። ዘንድሮ በጀት የለም ተብሎ ጨረታው ሁሉ ቀርቷል፤ ግሬደራችን ከቆመ አምስት ወር ሆኖት ጎማው ሥር ሣር በቅሏል። የቀረን ተስፋ በኮር ዊሊያም ሰፈር የሚቆፈር አንድ የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ ነው። ልኬቱን እስከ ነገ ዓርብ ካላስገባን ሥራው ለሌላ ይሰጣል፣ ድርጅቱም ይዘጋል።

ሰኞ ዕለት የከፍታ ምልክት ሳደርግ ነጭ ቀለም አልነበረንም። ከደጉ ዘመን የተረፈ ቀይ ቀለም ስለነበር በእሱ፣ በቦዩ መስመር ዳር በሚኖሩት በወይዘሮ ቬሮኒካ ቤት ግድግዳ ላይ ቁጥር ጻፍኩ። በዚህ ሰሞን የሚፈርሱ ቤቶች ላይ ቀይ ምልክት እንደሚደረግ ማንም የጁባ ሰው ያውቃል። እኔም አውቃለሁ፤ ግን ትዝ አላለኝም።

ማክሰኞ ከቀኑ 6፡30 ላይ ሌቭሉን፣ ማለትም የመሬት ከፍታ የምንለካበትን መሣሪያ፣ ከነሳጥኑ መኪናችን አጠገብ ለዘበኛችን ለዊዩአል ትቼ ምሳ ሄድኩ። 7፡20 ስመለስ ሳጥኑ የለም። ዊዩአል ብጠይቀው መሬት መሬቱን ከማየት በቀር አንድ ቃል አልመለሰልኝም። ደሜ ፈላ። ወደዚህ አምጥቼው «ሳጥኑን ለሰው ሲያቀብል በዓይኔ አይቻለሁ» ብዬ ቃል ሰጠሁ። አላየሁም። በዚያ ሰዓት ሩዝ እየበላሁ ነበር። በእኔ ቃል ሰውየው ሁለት ሌሊት ታስሮ አደረ፤ እኔም ሁለቱን ሌሊት ለጸሎት ተንበርክኬ አፌ እምቢ አለኝ።

ዛሬ ጠዋት 2፡30 ላይ ሳጅን ቹኦል አስጠርተውኝ ትናንት ቦታውን ሲያዩ ያገኙትን ቀይ ቁጥር የጻፍኩት በማን ቤት ላይ እንደሆነ ጠየቁኝ። የወይዘሮ ቬሮኒካ መሆኑን ስነግራቸው ሳቁ። «የዊዩአል ሚስት እናት ናቸው። እኛ ኑዌሮች አማት ስትመጣ ዘወር እንላለን፤ ለፖሊስ አሳልፎ መስጠት ደግሞ አይታሰብም» አሉኝ።

አብረን ሄድን። ሳጥኑ አልጋቸው ሥር፣ በአንሶላ ተጠቅልሎ ተገኘ። ወይዘሮ ቬሮኒካ እንደ ሳጅኑና እንደ ዊዩአል ሁሉ በስደት ኢትዮጵያ ሳሉ በለመዱት አማርኛ «አንተ ልጅ፣ ቤቴን ልታፈርስ ቀለም ቀብተህ ደግሞ ልትለካው መጣህ? ማያህን ወሰድኩብህ። ካላስ፣ አለቀ!» አሉኝ። ሳጥኑን ያነሡት ዊዩአል እሳቸውን ሲያይ እንደ ወጉ ከመኪናው ጀርባ በዞረበት ጊዜ ነው። አማቻቸው ሥራ ላይ ያደረ መስሏቸው ነበር፤ መታሰሩን ሲሰሙ አለቀሱ። ቦዩ ጎርፉን ከደጃቸው የሚያርቅ እንጂ ቤታቸውን የማይነካ መሆኑን አስረድቼ፣ ቁጥሩን በገዛ እጄ በቤንዚን አጠብኩ።

ሌቭሉ ምንም አልሆነም፤ ልኬቱንም ዛሬ ከሰዓት እጨርሳለሁ። እፎይ ያልኩት ግን ዊዩአል ከእስር ቤቱ በር ብቅ ሲል ነው። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ያዘኝ። ለምን ዝም አልክ ብዬ ብጠይቀው «አንተ ብትሆን የሚስትህን እናት ትናገር ነበር?» አለኝ። የእኔን አማት ስለማውቃቸው «ኧረ በጭራሽ!» አልኩት።

በዊዩአል ላይ ያቀረብኩትን አቤቱታ አንስቻለሁ። በማክሰኞው ቃሌ ግርጌም «እውነት ነው» ብዬ ፈርሜ ነበር፤ ያኛው ውሸት ነው። ይህኛው እውነት ስለሆነ፣ ዊዩአል አጠገቤ ተቀምጦ እየሰማ ተነቦልኝ ፈርሜያለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ ከፍያለው ዳምጤ
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ሳጅን ቹኦል
ሲነበብ የሰማ፦ ዊዩአል፣ ዘበኛ