ወፍ ያላስፈለገው አውጫጭኝ

ሄሎ? ... አዎ፣ የተክለማርያም ሱቅ ነው። ማን ልበል? ... ገሜዳ! ጮክ በል እንጂ፣ ከጉድጓድ የምታወራ ነው የምትመስለው!

ደኅና ነኝ፣ ይመስገነው። ... ደውልልኝ ያልኩህማ ለነገው አውጫጭኝ ነው። የኮልፌ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይታጎራል፤ የአጥቢያ ዳኛውን ሙክት የሰረቀው ሳይታወቅ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም ተብሏል። ... ሰምተሃል? ጥሩ።

— ሸዋገነት! ሱቁን ዝጊው! ሰው ከመጣ ባለቤቴ የለም በይ!

ትሰማኛለህ? ነገሩ ቀላል ነው። አንተ ዝም፣ እኔ ዝም። ፀሐይ ይመታናል፣ ይርበናል፣ ማታ ይለቁናል። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ! ... እሺ? እሺ ብቻ?

ግን አንዳችን ወፍ ከሆንን... ወፍ ነዋ! ስሙ ሳይጠራ ለሽማግሌዎቹ ጆሮ ሹክ የሚለው! እሱ ይማራል፣ ዝም ያለው ወህኒ ይወርዳል። ሁለታችንም ከለፈለፍንማ አብረን ነው የምንገባ። ... ኧረ እኔ? ባንተ ላይ? አብረን አርደን፣ ሽንጡን ላንተ ሰጥቼ... እሺ፣ ሽንጡን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ክህደት ግን በዘሬ የለም!

— ሸዋዬ፣ ካፖርቴን! ... ዳኛው ቤት ነዋ፣ ሳይቀድመኝ! ቀስ በይ፣ ይሰማል!

ሄሎ? ... አይ፣ ድመቷን ነው። ... በቃሌ ነኝ አልክ? ተባረክ። ምነው ግን ቃል ቆጠብክ? አጠገብህ ሰው አለ እንዴ? ... ማነው የሚያስለው? ይህን ሳል አውቀዋለሁ... ገሜዳ፣ እንደወትሮህ ከጦር ኃይሎች ፋርማሲ ስልክ አይደለም የምትደውለው? ... ከዳኛው ቤት?! አንተ ይሁዳ! ... ጣሪያ? የምን ጣሪያ! ዳኛውን አቅርብልኝ! አሁኑኑ!

ሄሎ — ጤና ይስጥልኝ፣ ጌታዬ! ተክለማርያም ነኝ። ያ ሰው የነገረዎትን እንዳያምኑት! ሙክቱን የጎተተው እሱ፣ ያረደው እሱ! እኔ እግሩን ብቻ ነው የያዝኩት! ቆዳውም እሱ ዘንድ ነው!

እ? ... ምንም አልነገረዎትም? ... የሚያፈስ ቆርቆሮ ሊጠግን ነው የመጣው? ... ስልኩንም እርስዎ ፈቅደውለት...

አሁን ጠየቁት? ... ምን አለ? ... "ተክለማርያም ትኩሳት ይዞት ነው የሚቀባዥረው" አለ? ... "ሙክት የሚባል አላየንም" አለ? ... እኔ ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ?

...

አለሁ፣ ጌታዬ። ... አይ፣ ትኩሳት የለኝም። ... ቆዳው? ... እኔ ቤት ነው። እየተኛሁበት ነው።

እባክዎ፣ ገሜዳን አንድ ጊዜ ባናግረው... ጣሪያው ላይ ወጣ? ... ይጥሩልኝ እስቲ። ... አልወርድም አለ?

እሺ፣ ጌታዬ። ... መጣሁ።