መጀመሪያ ቀብሩ፣ ኋላ ሠርጉ

እትዬ፣ ብምልልዎትም አያምኑኝም! ይቺ አግዳሚ ወንበር እኮ እግሯ አልተሰበረም! እኔ አናጢው መዶሻዬን ይዤ፣ ምስማሬን በጥርሴ ነክሼ ስገለብጣት... ጤነኛ! ይህ አዳራሽ ከተከፈተ ጀምሮ በየሳምንቱ አንድ እግሯ ካልወለቀ እንቅልፍ የማይወስዳት ወንበር፣ ዛሬ እንደ ሙሽራ በአራቱም እግሯ ቆማ ታየኛለች። ይሁን፣ ይሁን፤ እንደርስበታለን።

እንኳን በደህና ተመለሱ! አራሷ ልጅዎ እንዴት ናት? ጡቱ መጣላት? ልጁስ ማንን መሰለ? እርስዎን ከመሰለ እሰየው... አባቱን ከመሰለም ያው ልጅ ነው፣ ምን ይደረጋል፣ ያድጋል። እርስዎ ደግሞ ገና ከመንገድ ገብተው ወገብዎን ሳያሳርፉ መርፌና ክር! ፊልሙ የሚታይበት አቡጀዲ ተቀደደ ብለው ነው? ኧረ ተቀደደ አይባልም እትዬ። አንድ ትልቅ ሰው በጣታቸው እያመለከቱ ሲያስረዱን ጣታቸው አለፈ። ዕውቀት ሲሞላ በአቡጀዲ በኩል ይወጣል።

ማን ናቸው አይበሉኝ። ስም አልጠራም። እኔ ባለቤቱንም አልናቅኩ፣ አጥሩንም አልነቀነቅኩ፤ እንዲያው ደክሞኝ ተደግፌ ነው።

ብቻ ሰማሁ... ወደ ልጅዎ ከመሄድዎ በፊት ለአንድ ሰው ቃል ሰጥተዋል አሉ። ከነገ ጀምሮ በዚህ አዳራሽ የሚታየውን ፊልም የሚመርጡት እሳቸው ናቸው፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ መጥተው የፊልሙን ሣጥን ቁልፍ ይረከባሉ አሉ። እውነት ነው? አይመልሱልኝ፣ አይመልሱልኝ፤ ክሩ ይወሳሰብብዎታል። እኔ በበኩሌ ደስ ነው ያለኝ። ከድልድዩ ማዶ ያለው አዲሱ አዳራሽ ሰዉን እንደ ስፖንጅ እየመጠጠ ሲወስድብዎት፣ ‹እንግዲህ ዐዋቂ ይግባበትና ያድነው› ቢሉ ማን ይፈርድብዎታል? ይህ አዳራሽ ተዘጋ ማለት እርስዎ በዚህ ዕድሜ በር ላይ ቁጭ ብለው ዝንብ ሊቆጥሩ፣ እኛም ሥራ ስንጨርስ ከሚስቶቻችን ጋር ልንተያይ ነው። ማን ይችላል?

ስለዚህ ዐዋቂ ያስፈልጋል። ዐዋቂ ደግሞ እንደሳቸው ነው። ጨለማ ውስጥ ጥቁር መነጽር የሚያደርግ ሰው የት አይተዋል? እኛ ተራዎቹ ፊልም በዓይናችን ነው የምናየው። እሳቸው ዓይናቸውን በትንሽ በትልቁ አያስቸግሩትም። ፖስተሩ ገና ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ‹ደካማ ነው!› ይላሉ። ሙጫው ሳይደርቅ ፍርዱ ይደርቃል! ‹የቸኮለች አፍሳ ለቀመች› ይባላል፤ እሳቸው ግን ክብር ያለባቸው ሰው ናቸው፣ አፍስሰው ይሄዳሉ እንጂ ለመልቀም አያጎነብሱም። ለቃሚ እኛ አለን አይደል?

ጭቅጭቃችንን ያውቁታል መቼም። ብረት በያጁ ‹አዲስ ፊልም ይምጣልን፣ መኪና ይፈንዳ፣ ቢያንስ አጠገቤ ያለው ሰው አያንኮራፋም› ይላል። አዋላጇ ደግሞ ‹የድሮ ፊልም የመሰለ የት ይገኛል! ሰውየው እወድሻለሁ ለማለት ሁለት ሰዓት ያምጣል፤ ሲወልደው ግን ያምርበታል› ትላለች። ያው እንደ ሙያዋ። እኛ እንዲህ ጉሮሯችን እስኪነቃ ስንሟገት እሳቸው ተነሥተው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ‹አዲሱ ጥልቀት የለውም፣ የድሮው ፍጥነት የለውም።› አለቀ! ሁለቱንም ገላገሉን። ከዚያ ወዲህ ምን እንደምናይ አናውቅም እንጂ ጭቅጭቁስ ቀርቷል።

ደግሞ ቸርነታቸው! ዝምታ ወርቅ ነው ይባል የለ? እሳቸው ለወርቅ የሚሳሱ ሰው አይደሉም። ፊልሙ ከተጀመረ እስኪያልቅ ማብራሪያ ይለግሱናል። ‹አሁን አጎትየው ይሞታል› ይሉናል። አጎትየው ደግሞ ክፉ ሰው ነው፣ አይሞትላቸውም! እንዲያውም ድኖ ሚስት ያገባባቸዋል። እሳቸው ቅር ይላቸዋል? ምን ሲደረግ! ‹መሞትስ ነበረበት፤ የተሳሳተው ዳይሬክተሩ ነው› ብለው ይቅር ይሉታል። እንዲህ ያለ ሆደ ሰፊ ከየት ይመጣል?

ይኸውልዎት፣ ቅዳሜ ዕለት እርስዎ በሌሉበት የድሮው ፊልም ተከፈተ። ያ በሁለት ዲስክ ያለው፣ የጀልባ ቀዛፊው። እርስዎ መቶ ጊዜ አይተውታል፣ እኛ ግን ገና ነበርን። በመጀመሪያው ዲስክ ቀዛፊው የወፍጮ ቤቱን ልጅ ይወዳል፣ ይላጫል፣ ኮት ያሰፋል፣ ያገባል። በሁለተኛው ጎርፍ ይመጣል፣ ወንድሙን ሲያድን ይሞታል፣ ይቀበራል፤ ሚስቱ ጀልባውን ብቻዋን ገፍታ ትሄዳለች፣ በቃ። እንዲህ መሆኑን እኔ አሁን ነው የማውቀው! ያን ዕለትማ ወንድምዎ ኮረንቲ፣ ሽበታም ማሽን ነጂያችን፣ ከበያጁ ጋር አዲስ ይሻላል የድሮ ይሻላል ሲሟገት ቆይቶ፣ በንዴት እጁ የገባለትን ዲስክ ጎረሰው... ማለቴ ማሽኑን አጎረሰው። ሁለተኛውን! ቀድሞ ነበር እንጂ ዲስኩን አገላብጦ ማየት፤ አሁን ምን ያደርጋል?

መብራት ጠፋ። የፊልሙ ስም የለ፣ ሰላምታ የለ፣ ቀጥታ ጎርፍ! እሳቸው ከፊት ወንበር ‹አያችሁ ድፍረት! ስም አልፈለገም!› አሉ። ሰውየው ሞተ። ገና ስሙን እንኳ ሳንለምደው ቀበርነው። አዋላጇ እንዲያ ስታለቅስ፣ እውነቴን ነው የምልዎት፣ ከፊቷ የተቀመጡት እግራቸውን ወደ ላይ ሰቀሉ፤ ጎርፉ የፊልሙ ይሁን የእሷ መለየት አልቻልንም። ከዚያ የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ‹ስሙን መሃል ላይ! መሃል ላይ አደረገው! ይህንን ማን ደፍሮ ያውቃል!› ብለው እሳቸው ጭናቸውን መቱ። እኛም መታን። የራሳችንን።

ኮረንቲ ዲስክ ቀየረ። ሰውየው ብቅ አለ። ያ የቀበርነው! ደርቆ፣ አምሮበት፣ መስታወት ፊት ቆሞ ጢሙን ይላጫል!

አዳራሹ ተናወጠ። በያጁ ብድግ ብሎ ‹ጌታዬ፣ ሰውየው ከሞተ ለማን ብሎ ነው የሚላጨው?› አላቸው። እሳቸው ሳይደናገጡ ‹ለዘላለም!› አሉት። በያጁ ተቀመጠ። ልብስ ሰፊው ደግሞ የማይለቅ ነው፤ ‹ቆይ እንጂ፣ ቅድም ሲቀበር ኮቱ ክንዱ ላይ ተቀድዶ ነበር። አሁን አዲስ ነው። ማን ሰፋው?› አለ። ‹ኮቱ ነፍስ ነው! ነፍስ አትቀደድም!› ብለው ጮኹበት። ምስኪን፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ኮት ሲሰፋ ‹ይቅርታ› እያለ ነው መርፌ የሚያስገባው።

ከዚያማ ሞቅ አላቸው። ተነሥተው አቡጀዲው ዘንድ ሄዱ። ጥላቸው የሰውየውን ግማሽ ፊት ሸፈነው፤ ያልተላጨውን ግማሽ። ‹እናንተ ያልሠለጠናችሁ! መጀመሪያ ልደት፣ ኋላ ቀብር ትፈልጋላችሁ። ታላቅ ዳይሬክተር ግን ቀብሮ ነው የሚጀምረው! ሞት በር ነው! እዚህ ጋ፣ እዚህ ግንባሩ ላይ ተመልከቱ፣ ሞትን አልፎ የመጣ ሰው ብርሃን...› ሲሉ ነው እንግዲህ ጣታቸው ያለፈው። አሁን የሚሰፉት እሱን ነው። የሰውየውን ግንባር። ቀስ ይበሉ።

እኛስ? አመንን! እኔ ራሴ አንገቴ እስኪንቋቋ ራሴን ነቀነቅኩ። ካልነቀነቁ ደንቆሮ መባል አለ። አንዱማ ‹እኔ ከመጀመሪያው ገብቶኝ ነበር› ብሎ አለቀሰ።

ሠርጉ ተሠረገ፣ ፊልሙ እዚያ ላይ ቀጥ አለ። እሳቸው ማጨብጨብ ጀመሩ፣ ሁላችንም ቆመን አጨበጨብን። ይኼኔ ኮረንቲ ከማሽን ቤቱ ራሱን እያከከ ወጣ። ‹ጎበዝ... አንድ ጊዜ... ሁለተኛውን ነው ለካ ያስቀደምኩት። ተቀመጡ፣ በሥርዓቱ ደግሜ ላሳያችሁ› አይል መሰለዎት!

ሌላ ሰው ቢሆን ‹መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ› ይላል። እሳቸው መሬትን ለእንዲህ ያለ ነገር አይጠሯትም። እጃቸውን አንሥተው ‹ዐውቃለሁ! ሳያችሁ ነበር!› አሉ። ‹ደግሞም ስሕተቱ ከፊልሙ ይበልጣል! ስሙኝ፣ እትዬ ምርጫውን ለእኔ ሰጥታለች። ከእንግዲህ በዚህ አዳራሽ ፊልም ሁሉ ከሁለተኛው ዲስክ ይጀምራል! አንድ ዲስክ ብቻ ከሆነም ከግማሹ! በሥርዓቱ ማየት የሚፈልግ ድልድዩን ይሻገር!›

የሰዉን ታዛዥነት ቢያዩ እትዬ! ማን ነበር ሰው ምክር አይሰማም ያለው? በማግስቱ ግማሹ ድልድዩ ላይ ነበር። በያጁ ሄደ፤ ‹ፍንዳታውን ካየሁ በኋላ ሲጣሉ ምን አገባኝ› ብሎ። አዋላጇን ‹አንቺስ?› ብላት፣ ‹እኔ ሥራዬ ከመጀመሪያው ነው፤ ከቀብር የሚጀምር ባለሙያ ሌላ ፈልጉ› ብላ ነጠላዋን አጣፋች። ልብስ ሰፊው ግን ቀርቷል። ነፍሱን ፈርቶ።

እና ይቺ አግዳሚ ለምን ጤነኛ እንደሆነች ገባዎት? ወንበር የሚሰበረው ሰው ሲቀመጥበት ነዋ! እሳቸው ቁልፉን ከተረከቡማ እነዚህ ወንበሮች ለዚያ ለአራስ ልጅ የልጅ ልጅ ይተርፋሉ። ምን ያለ ቁጠባ ነው! እኔ ሥራ ብፈታ ችግር የለም፤ ለአንድ ዐዋቂ ሲባል አንድ አናጢ ቢራብ ምን አለበት?

ስለዚህ ይስጧቸው። ኧረ እኔ ‹አይስጡ› አላልኩም! ቃል ቃል ነው። ደግሞ መንገድ ላይ ሳያቸው ቁልፉን የሚያንጠለጥሉበት ክር ገዝተው አንገታቸው ላይ አድርገውት ነበር፤ ባዶውን። አያሳዝኑም? ብቻ እንዲህ ያለ ቁልፍ ደረቁን አይሰጥም፤ ምርቃት ይፈልጋል። የሚሉት ቢጠፋዎት አይጨነቁ፣ ቅዳሜ ዕለት አክስታቸው የመረቋቸውን ይዋሱ። ያሳደጓቸው አክስታቸው፣ እኚያ ማር አንደበት፣ ተንኮል የሚባል በደጃቸው አልፎ የማያውቅ። ዐዋቂያችን ቤት በገቡ ቁጥር ‹አክስቴ፣ ሰዉ ፊልም አላሳይ አለኝ፤ ከፊቴ ይጋርደኛል፣ ከኋላዬ ያንሾካሹካል› እያሉ ሲያማርሩ ስንት ዘመን የሰሙ ናቸው። ቅዳሜ ዐዋቂያችን ያንን አዋጅ ሲያውጁ፣ አክስትየው ብቻ ከበሩ ሥር ከተቀመጡበት ትራስ ላይ ብድግ አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ሁለት እጃቸውን ወደ ጣሪያው ዘረጉና፣ ከልባቸው፣ አዳራሹ እስኪያስተጋባ...

«እሰይ የኔ ልጅ! ፈጣሪ አዳራሹን ያስፋልህ! ከፊትህ የሚጋርድህ አንድ ራስ፣ ከኋላህ የሚያንሾካሹክብህ አንድ አፍ አይምጣብህ! ከበሩ እስከ አቡጀዲው ድረስ አንተ ብቻ ተንፈላስሰህ የምታይበት ያድርግልህ!»