ተለወጠ ስለተባለው ድልድይ የተሰጠ ቃል

የምስክሩ መጠሪያ፦ ሰፈሩ «ጋሼ ሀዲድ» የሚላቸው
ዕድሜ፦ 63
ሥራ፦ ልብስ ሰፊ፣ አሁን ጡረተኛ
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠው፦ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በመርማሪ ክፍል

እኔ ከላይ የተገለጽኩት ምስክር በቤቴ አንደኛው ክፍል ውስጥ የትንንሽ ባቡር ሀዲድ ዘርግቻለሁ። መጫወቻ ነው የሚለኝ አለ፤ ይበል። ሀዲዱ ግድግዳው ጥግ ላይ እየታጠፈ ሽቅብ ስለሚወጣ፣ አብሮት የሚታጠፍ ባለ ብዙ እግር የእንጨት ድልድይ ክረምቱን ሙሉ ስሠራ ቆየሁ። በበሩ በኩል ያሉት እግሮች አጫጭር፣ በመስኮቱ በኩል ያሉት ረጃጅም ናቸው። በገዛ እጄ ነው ለክቼ ያጣበቅኳቸው።

ሐሙስ ሙጫው እንዲደርቅ ጠረጴዛ ላይ ትቼው ወጣሁ። ትናንት አርብ ጠዋት ቦታው ላይ ሳስቀምጠው እምቢ አለ። መታጠፊያው ከሀዲዱ ጋር ሲገጥም ረጃጅሞቹ እግሮች በበሩ በኩል ይሆናሉ፤ ወደ መስኮቱ ሳዞራቸው ደግሞ ድልድዩ ግድግዳውን ትቶ ወደ ክፍሉ መሃል ይታጠፋል። አዞርኩት፣ መለስኩት፣ ራሴም ዞረብኝ። ሙጫው የኔ፣ እንጨቱ የኔ፣ ድልድዩ ግን የኔ አይደለም! ባለቤቴን ብጠራት «በዚህ እንጨት ልታብድ ነው እንዴ?» ብላኝ ሄደች።

የቤቱን ቁልፍ ከእኛ ሌላ የያዘው የባለቤቴ ወንድም ነው። እሱም ድልድይ ይሠራል፤ እጁም ከእኔ ይፈጥናል፣ ይህም ያናድደኛል። የኔን ወስዶ የማይገጥም አስቀምጦልኛል ብዬ ለጣቢያው አመለከትኩ። ዛሬ ጠዋት ከሥራ ቦታው፣ ባልደረቦቹ እያዩ ይዘው አመጡት። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ቃል አልተነፈሰችልኝም።

መርማሪው «እስቲ አሠራሩን ያሳዩኝ» አሉኝ። የሀዲዱን መታጠፊያ ወረቀት ላይ ሣልኩ። እንደ ሥዕሉ የጎበጠ ካርቶን ቆርጬ ላዩ ላይ አስተኛሁና፣ እግር እንዲሆኑ ጫፎቹ ላይ አጭርና ረጅም እርሳስ በፕላስተር አቆምኩ። ድልድይ እንዲህ እግሩ ወደ ላይ ሆኖ ይሠራል፣ ሲደርቅ ይገለበጣል ብዬ ገለበጥኩት። መታጠፊያው ወደ ሌላው ጎን ዞረ። ለካ ሥዕሉን በግልባጩ ማውጣት ነበረብኝ! ዕድሜዬን ሙሉ የጨርቅ ፊትና ጀርባ ስለይ ኖሬ፣ ለአንድ ኮት ሁለት የቀኝ እጅጌ እንደ ቆረጠ ሰው ሆንኩ። አፈርኩ። አቤቱታዬ ይሰረዝልኝ ብል፣ የተጻፈ እንደማይፋቅ፣ መጨመር ብቻ እንደሚቻል ተነገረኝ።

የባለቤቴን ወንድም አስገቡት። ለማስረጃ የመጣውን ድልድይ አየት አደረገና «ጋሼ፣ ሥዕሉን ሳትገለብጥ ነው የሠራኸው» አለኝ። «ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አልክ?» አልኩት። «አሁን ገና ማየቴ ነው። ትናንት ብትጠራኝ ኖሮ ያኔውኑ እነግርህ ነበር። አንተ ግን ፖሊስ ጠራህ» አለኝ።

ይህ ቃል ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። የቀደመው አቤቱታዬ ስህተት፣ ይኸኛው ግን እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ተፈርሟል
የመርማሪው ፊርማ፦ ተፈርሟል
ታዛቢ፦ የምስክሩ ባለቤት ወንድም፤ እንዲፈርሙ ተጠይቀው ሳይፈርሙ ወጥተዋል።