እባብና መሰላል በሸሕዲ

ሸሕዲ እህቴን ልጠይቅ ስሄድ ለልጆቿ ምን ዓይነት ጨዋታ ልውሰድ ብዬ ጎንደር ሱቅ ውስጥ ስንት ተጨነቅሁ መሰላችሁ። ዳማ ለሕፃን ይከብዳል። ገበጣም አይሆንም፤ ትንሿ ብርቄ ጠጠሩን ትውጠዋለች። በመጨረሻ እባብና መሰላል ገዛሁ። መሰላል ላይ ያረፈ ይወጣል፣ እባብ አፍ ላይ ያረፈ እስከ ጭራው ይወርዳል፤ ምን ይከብዳል?

የለስላሳ ቆርኪ እየያዝን ከብበን ተቀመጥን፤ የእህቴ ባል አባት፣ አባባ ሞላም ገቡበት። ገና ዳይሱን ከመወርወሬ ቆርኪዬ የትልቁ እባብ አፍ ላይ አረፈ። ብርቄ "እባብ" ብላ ጮኸች። እዚህ አገር ሰሊጥ አጨዳ ላይ እንዲህ ብሎ የጮኸ ካለ ሁሉም ሥራውን ጥሎ ይሮጣል፤ እባቡ ሳይገደል ማጭዱን የሚያነሳ የለም። ብርቄ በነጠላ ጫማዋ የጨዋታውን ካርቶን ትነርተው ጀመር፣ ወንድሟም አገዛት፣ አባባ ሞላ ከዘራቸውን አንስተው "ጭንቅላቱን በሉት፣ ጭንቅላቱን" ይላሉ።

"አባባ፣ ሥዕል እኮ ነው" አልኳቸው፣ ሳቄ እያነቀኝ።

"ይሁና። እባብ ታይቶ አይታለፍም።"

ካርቶኑ ላይ ያለው እባብ ሁሉ ተገድሎ ካለቀ በኋላ ጨዋታው ቀጠለ። እኔ እንደ ደንቡ ቆርኪዬን እስከ ጭራው አወረድኩ። ወዲያው የአባባ ሞላ ቆርኪ እዚያው አፍ ላይ አረፈ፤ እሳቸው ግን ንቅንቅ የለም።

"አባባ፣ ይውረዱ እንጂ" አልኳቸው።

ልጆቹም እሳቸውም በትዝብት አዩኝ።

"አንተ ልጅ፣ ሲገደል እዚሁ አልነበርክም?"